ቀስቱና የጉዞ ማስታወሻው፦ በሚና ጨዋታዎች መቅለል ላይ አንዳንድ ነጥቦች

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠውን ርእስ ይዞ ቢሮዬ መጣ። አንድን የኮምፒዩተር ጨዋታ እንደ ልብ ወለድ ሥራ ወስዶ መቼቱን፣ ገጸ ባሕርያቱንና ምልልሱን ልመርምር የሚል ነበር። አማካሪው እኔ ነበርኩና ርእሱን እንዲለውጥ ነገርኩት። ምክንያቴን ለመዘርዘር እንኳ አልተጨነቅሁም፤ «ይህ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው» አልኩት፤ አበቃ። ልጁ ጨዋ ስለነበር አልተከራከረኝም። ስለ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ መቼት ጻፈ፣ መልካም ውጤት አገኘ፣ ተመረቀ። ከቢሮዬ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። «መምህር፣ ለነገሩ እሱም ድሮ ቀርቷል፤ ኮንሶል መጥቶ ገድሎታል» አለኝ።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምር የተነሣሁት ይህን የተማሪዬን አባባል ነው። አባባሉ በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ሊሞት የሚችል ሥነ ጽሑፍ ነበረ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የገደለው ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘው የጨዋታ መሣሪያ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያውን ያን ጊዜ ሳላየው ጣልኩት፤ ዛሬ ልጁ ትክክል እንደነበረ አምናለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን አሁንም አልስማማም። የማልስማማበት ምክንያት ደግሞ ለእኛ ሙያ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን የቃላቱን ትርጉም ላስቀድም። «የሚና ጨዋታ» የምለው ፈረንጆቹ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚሉትን ነው። መነሻው ኮምፒዩተር አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አሳተሙ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው ሁኔታውን በቃል ይገልጻል፤ ተጫዋቹም ገጸ ባሕርይው የሚያደርገውን በቃል ይመልሳል፤ መሳካት አለመሳካቱ በዳይስ ይለያል። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ከልደቱ ጀምሮ የቃል ጥበብ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰ ተረት የማይነገረው አድማጭ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እዚህ ላይ ልዩነቱ መላሹ መልሱን ራሱ የሚፈጥር መሆኑ ብቻ ነው።

ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ተራኪው ጽሑፍ ሆነ። የኮምፒዩተር ተጫዋች ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መስታወቱን እንደ መጽሐፍ በቅርብ ያያል፤ ፊደል መምቻ ከእጁ ሥር ነው። የኮንሶል ተጫዋች ደግሞ ከሶፋ ላይ ሆኖ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ቴሌቪዥን ይመለከታል፤ በእጁ ያለው ጥቂት ቁልፎች ያሉት መያዣ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ደቂቅ ጽሑፍ አይነበብም። የመሣሪያው የማስታወስ ችሎታም ጠባብ ነበር፤ በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ የነበረው 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። «ኮንሶል ገደለው» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸውን የሚያቆሙት በእነዚህ ቁሳዊ እውነታዎች ላይ ነው።

ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ማስረጃም ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣቸው ሦስት ተከታታይ ሥራዎች ናቸው፤ «ሞሮዊንድ» (2002)፣ «ኦብሊቪየን» (2006)፣ «ስካይሪም» (2011)። በመጀመሪያው 27 ክህሎቶች ነበሩ፤ በሁለተኛው 21 ሆኑ፤ በሦስተኛው 18 ቀሩ። እንደ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ብልሃት ያሉት ስምንት የተፈጥሮ መለኪያዎችም በሦስተኛው ጭራሽ ጠፉ። ይህ ቁጥር በየክርክሩ እንደ ክስ ማመልከቻ ይነበባል። እኔ ግን በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ከሞሮዊንድ በፊት በ1996 የወጣው «ዳገርፎል» 35 ክህሎቶች ነበሩት፤ ስለዚህ ሞሮዊንድም በጊዜው የቀለለ ነበር ማለት ነው። የደንቦችን ብዛት የሥራ ጥልቀት አድርጎ መቁጠር የቤት ብዛትን የግጥም ውበት አድርጎ እንደ መቁጠር ነው። ረጅም ጦርና አጭር ጎራዴ የተለያየ ክህሎት መሆናቸው ለጭብጡ አንዳች አልጨመረም።

የጎደለው ሌላ ቦታ ነው። በሞሮዊንድ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ከአንዲት የጠረፍ መንደር ይወርዳል። አንድ ጥቅል ይሰጠውና ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር ካየስ ኮሳዴስ ለተባለ ሰው አድርስ ይባላል። ሰውየው የት ቤት እንዳለ የሚያመለክት ምንም ነገር የለም። ከተማው ደርሶ ሰው መጠየቅ ነው። ከዚያም ወደ አንድ የጥንት ፍርስራሽ ይላካል፤ መንገዱ በቃል ይነገረዋል። ምሽጉን እለፍ፣ በሸለቆው ላይ የተጋደመውን የጥንት ድልድይ ተሻገር፣ በሩን የሚከፍተውን እጀታ ፈልግ የሚል ዓይነት ነው። የተባለው ሁሉ በጉዞ ማስታወሻው ውስጥ ይጻፋል። ተጫዋቹ ሲጠፋበት ማስታወሻውን ገልጦ ደግሞ ያነባል፤ «ከድልድዩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ይላል። አንዳንዴም ጠቋሚው ራሱ ይሳሳታል፤ እንደ አገራችን መንገደኛ «ቅርብ ነው» ብሎ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

በኦብሊቪየን ይህ ቀረ። በመስታወቱ ግርጌ ያለ ኮምፓስ ላይ ቀስት ተተከለ፤ ቀስቱ የሚፈለገውን ሰው ወይም ዕቃ የትም ይሁን የት ያሳያል። በስካይሪም ደግሞ ልማዱ ሥር ሰደደ፤ ቀስቱን አጥፍቼ ልጫወት ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አይሆንለትም፤ ገጸ ባሕርያቱ ቦታው የት እንደሆነ መናገር ትተዋልና። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ቀስቱ በጽሑፉ ላይ የተጨመረ እርዳታ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። የሆነው ግን ቀስቱ ስላለ ጽሑፉ መጻፍ አስፈላጊ ሳይሆን ቀረ። በሞሮዊንድ መቼቱ በቋንቋ ውስጥ ነበር፤ ተራራው «ተራራ» ተብሎ ካልተነበበ ተራራ አይሆንም። በኋለኞቹ መቼቱ ሥዕል ሆነ፤ እጅግ ያማረ ሥዕል፣ ነገር ግን ተጫዋቹ ከቀስቱ ላይ ዓይኑን ስለማይነቅል ብዙውን አያየውም።

ለእውነት መመስከር ካለብኝ የሞሮዊንድ ምልልስ ደካማ ነው። አንዱን ነዋሪ ስለ ከተማው ብትጠይቁት የሚሰጠውን አንቀጽ ጎረቤቱም ቃል በቃል ይደግመዋል። ሰዎቹ ገጸ ባሕርያት ሳይሆኑ የመዝገበ እውቀት ገጾች ናቸው። በኦብሊቪየን ያሉት ግን ያድራሉ፣ ይነሣሉ፣ ይበላሉ፣ ሱቅ ይዘጋሉ። ይህ ትርፍ ነው፤ የቀድሞውን ወዳጆች ስሰማ ይህን ሲያነሡት አላገኘሁም።

ሁለተኛው ጉዳት ከቀስቱ ይልቅ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ስለ ቃለ ምልልስ ነውና። ከዚህ በፊት ግን በ1999 የወጣውን «ፕሌንስኬፕ፡ ቶርመንት» ማንሣት አለብኝ። ተማሪዬ ሊጽፍበት የነበረው ጨዋታ ይኸው ነው። እኔ ያወቅሁት እሱ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ክረምት፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። እጄ ዘገምተኛ በመሆኑ መሞቴ አልቀረም፤ ደግነቱ የዚህ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ መሞት የማይችል ሰው ነው። ስሙንና ያለፈውን ሁሉ ረስቶ በሬሳ ቤት ድንጋይ ላይ ይነቃል። በጀርባው ላይ የተነቀሰ ጽሑፍ አለ፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው እሱ ነው፤ ግን ጀርባው ላይ ስለሆነ ራሱ ሊያነበው አይችልም። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ አንድ የራስ ቅል ያነብለታል። አንባቢውም የሚያነበው ሁሉ እምነት የሚጣልበት እንዳልሆነ ኋላ ላይ ይታወቃል። ስለ ጽሑፍና ስለ አንባቢ የተጻፈ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በብዙ ልብ ወለዶች አላየሁም።

ጨዋታው 800,000 ያህል ቃላት እንዳሉት ይነገራል። እኔን የያዘኝ ግን ብዛቱ አይደለም። አንድ ሰው ሲያናግራችሁ ልትመልሱ የምትችሏቸው ዓረፍተ ነገሮች ሙሉ ለሙሉ ተጽፈው ይቀርባሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ቃሉ አንድ ነው፤ ከፊቱ ግን በአንዱ «እውነት»፣ በሌላው «ሐሰት» ተብሎ ተጽፏል። አፉ የሚናገረው አንድ ሆኖ ልቡ የያዘው ሁለት ነው። የትኛውን እንደመረጣችሁ ሰሚው አያውቅም፤ ጨዋታው ግን ያውቃል፤ የገጸ ባሕርይውም ሰብእና በዚያ ይቀረጻል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለዚህ መጽሔት አንባብያን መግለጽ አያስፈልገኝም። ብልሃትና ጥበብ በቁጥር የሚለኩትም ለጌጥ አይደለም፤ ጥበቡ ዝቅ ያለ ሰው አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከነጭራሹ አያየውም። በ1997 የወጣው «ፎልአውት» ላይ ደግሞ ብልሃቱ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ገጸ ባሕርይ ከማጉረምረም በቀር ቃል አይወጣውም፤ ሰዎችም እንደዚያው ይመልሱለታል። መለኪያው ሥነ ልሳን ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ መንኮራኩሩ እንምጣ። «ማስ ኢፌክት» በ2007 በኤክስቦክስ 360 ሲወጣ መልሶቹን በዝርዝር ማቅረቡን ትቶ በክብ ዙሪያ አስቀመጣቸው፤ በመያዣው ላይ ያለችውን ዱላ ወደፈለጉት አቅጣጫ መግፋት ብቻ ነው። ወደ ላይ ያለው የደግ መልስ ነው፤ ወደ ታች ያለው የቁጡ። በክቡ ላይ የሚታየው ግን የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ አጭር መግለጫ ነው። ተዋናዩ የሚናገረውን ቃል ተጫዋቹ የሚሰማው ከመረጠ በኋላ ነው። ያው ድርጅት፣ ባዮዌር፣ በ2009 «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጂንስ» ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አቅርቦ ነበር፤ በ2011 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ወደ መንኮራኩሩ ዞረ። የነገሩ መጨረሻ በ2015 የወጣው «ፎልአውት 4» ነው። አራት ቁልፍ፣ አራት መልስ። ከመልሶቹ አንዱ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ትርጉሟም «ሽሙጥ» ማለት ነው።

እስቲ ይህን በጥሞና እናስብበት። ሽሙጥ ከቃሉ ተለይቶ ምን ማለት ነው? ሰው ሊያሽሟጥጥ ይወስናል፣ ሽሙጡን ግን አያውቀውም! ሸሙጠኛን ሸሙጠኛ የሚያሰኘው የመረጠው ቃል አይደለምን? በቶርመንት ሰሙ አንድ ሆኖ ወርቁ ሁለት ነበር፤ ተጫዋቹም ሁለቱንም በእጁ ይዞ ይመርጥ ነበር። እዚህ ሰሙም ወርቁም ተወስዶ የሚቀርብለት የምድቡ ስም ነው፤ ተማሪ ግጥሙን ሳያነብ «ይህ ሙሾ ነው» ብሎ ፈተና ላይ እንዲመልስ እንደ ማድረግ። በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ማሻሻያ ራሳቸው ሠርተው አሠራጩ። ዓረፍተ ነገሩ እኮ እዚያው ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ የተሰወረው ከአንባቢው ነው።

እንግዲህ ገዳዩ ኮንሶል ነው? ከላይ ያልኩት ሁሉ ተማሪዬን የሚደግፍ ይመስላል። ይሁንና ሁለት ነገር አለ። ሞሮዊንድ በ2002 ለኮምፒዩተር ብቻ አልወጣም፤ በዚያው ዓመት፣ 64 ሜጋባይት ባለው በዚያው ኤክስቦክስ፣ ከነጉዞ ማስታወሻው ቀርቧል። ቀስት አልነበረውም፤ ሰዎችም ከሶፋቸው ሆነው አንብበው ተጫወቱ። ቶርመንትም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ከነ«እውነት»ና «ሐሰት»ኡ ወደ ኮንሶሎች ገባ። በዚያው ዓመት ለኮምፒዩተር የወጣው «ዲስኮ ኤሊዚየም»፣ ዋና ጸሐፊው ሮበርት ኩርቪትስ የተባለ ኢስቶኒያዊ ልብ ወለድ ደራሲ ነው፤ ውጊያ የሚባል ሥርዓት የለውም፤ 24 ክህሎቶቹ በዋናው ገጸ ባሕርይ ጭንቅላት ውስጥ እየተነሡ የሚከራከሩ ድምፆች ናቸው። እሱም በ2021 ኮንሶል ላይ ሙሉ በሙሉ በድምፅ ተነብቦ ቀረበ፤ የሚነበበው አልተቀነሰም። መሣሪያው ገዳይ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ከደጁ ይመለሱ ነበር።

በተቃራኒው አንድ ስም ምን ሊሆን እንደሚችል የ«ባልደርስ ጌት»ን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1998 በኮምፒዩተር ሲወጣ እስከ ስድስት ሰው ያለበትን ቡድን እየመሩ ብዙ የሚያነቡበት ሥራ ነበር። በ2001 በዚሁ ስም ለፕሌስቴሽን 2 የቀረበው «ዳርክ አላያንስ» ከመምታትና ከመሰብሰብ ያለፈ አልነበረም። በ2023 ሦስተኛው ክፍል በቤልጅጉ ላሪያን ሲወጣ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ዳይስ፣ ረጅም ምልልስ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ፤ ኮንሶል ላይም ያው ነው። መሣሪያው አልተለወጠም ማለቴ አይደለም፤ የዛሬው ቴሌቪዥን ደቂቅ ፊደል ያሳያል፣ ማስታወሻውም ሰፍቷል። ሆኖም ባለ 64 ሜጋባይቱ ያነበበውን ከእሱ ስምንት እጥፍ የነበረው ተተኪው ማንበብ አቃተው ማለት ያስቸግራል።

እኔ እንደማየው ጽሑፉን ያሳጠረው ድምፅ ነው። ኦብሊቪየን ላይ እያንዳንዱ ነዋሪ በተዋናይ ድምፅ እንዲናገር ተወሰነ፤ ፓትሪክ ስቱዋርትና ሾን ቢን ሳይቀሩ ገብተውበታል። ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገር ዋጋ አለው፤ ስቱዲዮ፣ ተዋናይ፣ በየቋንቋው መቅዳት። በወረቀት ላይ መንገድ ለመንገር ሦስት አንቀጽ የሚጽፍ ደራሲ በድምፅ ሲሆን «በካርታህ ላይ አመልክቼልሃለሁ» ብሎ ያልፋል። መንኮራኩሩም የመጣው ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ ድምፅ ስለተሰጠው ነው፤ ያነበብነውን ዓረፍተ ነገር ተዋናይ መልሶ ቢደግምልን ይሰለቸናል ተብሎ ተፈራ። ከቃል ወደ ጽሑፍ የሄደው ጥበብ ወደ ቃል ሲመለስ የተመለሰው ወደ ተራኪው አያት ሳይሆን ወደ ሲኒማ ነው።

ማቅለል ሁሉ ጥፋት ነው የሚለውንም አልቀበልም። በ1986 ዩጂ ሆሪ የተባለው ጃፓናዊ «ድራጎን ክዌስት»ን ለኔንቲዶ ፋሚኮም ሲሠራ መነሻው «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» የተባሉ ከባድ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ጨዋታዎች ነበሩ። ደንቡን ቀነሰ፣ ትእዛዙን በጥቂት ምርጫ አደረገ፣ ኮምፒዩተር የሌለው ሕፃን እንዲይዘው አድርጎ ሰጠ። ሆሪ የቀነሰው ሒሳቡን ነው፤ ትረካውን አልነካም። የጃፓን ኮንሶል በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት የትረካ ቤት ሆኖ ኖረ። በትርጉም ሙያ የምንሠራም ይህን ልዩነት እናውቀዋለን፤ ለልጆች ተብሎ የተቃለለ መጽሐፍ ታሪኩን ሊያተርፍ ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ጥሎ የሚሄድ አለ።

የቀረው የእኛው ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱም በአማርኛ አልተጻፈም። በአዲስ አበባ ኮንሶል ለብዙ ልጅ የቀረበው በየሠፈሩ በተከፈተው ፕሌስቴሽን ቤት ነው፤ እዚያም የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሆነ የነገሠው ኳስ ነው፤ ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ በሰዓት ተከፍሎበት የሚያነብ የለም። ስለዚህ ቀስቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ትርጉሙ ድርብ ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ በቀስቱ ምክንያት ገብቶ ይጫወታል፤ በሞሮዊንድ ግን ከበሩ ይመለስ ነበር። ይህ ጥቅም ነው፤ አልክደውም። ይሁንና ያ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ሳለ ሞሮዊንድን የተጫወተው መዝገበ ቃላት ከጎኑ አድርጎ በዘመድ ቤት ባለ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንደነበር የነገረኝ ኋላ ነው። እንግሊዝኛውን የተማረው ከዚያ ነው። ስካይሪምን ደግሞ በጓደኛው ኮንሶል ላይ በአንድ ወር ጨረሰው፤ አንድም ቃል መፈለግ ሳያስፈልገው። «ደስ ብሎኛል፤ ግን ማንን እንደረዳሁ አላውቅም» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ፈልጌ አግኝቼው ያንን ርእስ በመከልከሌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሳቀ። ከዚያ በሳምንቱ አንድ አሮጌ ደብተር ይዞልኝ መጣ። በሞሮዊንድ ውስጥ የተነገሩትን መንገዶች ሁሉ በአማርኛ ገልብጦ ጽፎበታል፤ ምሽጉን፣ ድልድዩን፣ ወንዙን። ያልገባው ቃል ቦታው በነጠብጣብ ተትቷል፤ አንዳንዱ ኋላ በሌላ ቀለም ተሞልቷል። በአንዱ ገጽ ላይ «ወደ ምሥራቅ» የሚለው ተሰርዞ ከጎኑ በቀይ ስክሪፕቶ «ውሸቱን ነው፤ ወደ ሰሜን ነው፤ ራሴ ሄጄ አየሁት» ተብሎ ተጽፏል።